ዓይንህን ወደ ዓሣው

ቁልፍ ቀራጩን በሙያው የሚወቅሰው አልነበረም። ቁልፍ ቢጠፋ፣ ቢሰበር፣ በር ውስጥ ተሰንቅሮ ቢቀር መላው እሱ ጋ ነው። ጣጣው ሌላ ነበር፤ ሰውየው ጸሐፊ መሆን አማረው። እንደ ሌላው ሰው ግጥም ወይም ልብ ወለድ ቢያምረው እንኳ ደግ ነበር። እሱን ያማረው በአንድ የአደንና የዓሣ ማጥመድ መጽሔት ላይ የጻፈው ጽሑፍ፣ ከጽሑፉ ጎን ራሱ ያነሳው ፎቶ፣ ከሁለቱም በላይ ደግሞ ደመቅ ብሎ ስሙ ታትሞ ማየት ነው።

ሱቁ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ የሚቀርባት ጠባብ ክፍል ናት። በአንዱ ግድግዳ ያልተቀረጹ ቁልፎች ተደርድረው ተንጠልጥለዋል፤ በሌላው የመጽሔቱ አሮጌ እትሞች ከወለሉ እስከ ወገብ ተከምረዋል። ደንበኛ ቁልፉ እስኪቀረጽለት አንዱን አንስቶ ቢያገላብጥ፣ ቀራጩ ማሽኑን አጥፍቶ «ወንድም፣ ገጹን እንዳታጥፍብኝ» ይላል። አጠገቡ ያለው ልብስ ሰፊ «ይሄ ሰውዬ እስከዛሬ ያላገባው እኮ መጽሔቶቹ የት ይተኛሉ ብሎ ነው» እያለ መንገደኛውን ያስቅበት ነበር።

አደኑን ለሌላ ሰው ትቶታል። ጠመንጃ ከሩቅ ሲተኮስ አንገቱን የሚቀብር ሰው ስለ አደን ልጻፍ ቢል ማን ያምነዋል? ዓሣውን ግን ያውቃል። ያወቀውም በታላቅ ወንድሙ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ መሪ ላይ የጨረሰ ጡረተኛ ሲሆን ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም «ፍሬን» ነው። የትራፊክ መብራት ገና ከሩቅ ሲያይ ማቆም የሚጀምር፣ ዘግይቶ የሚሮጥ ሰው ካየ ደግሞ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ሹፌር ሌላ ምን ይባላል? እናትና አባታቸው በጊዜ ስላለፉ ቁልፍ ቀራጩን ያሳደገው፣ ሙያ የሚያስተምረው ሰው ፈልጎ ያገናኘው፣ መንጠቆ ላይ ትል መሰካት ያሳየውም ይኸው ፍሬን ነው። ታናሹ «ጋሼ» ይለዋል።

ሁለቱ እሑድ እሑድ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ግድብ ይሄዱ ነበር። ፍሬን ጨዋታ ይወዳል፤ የሚያጫውተውን ሰው ፊት ፊቱን ካላየ ደግሞ ወሬው አይጥመውም። አውቶቡስ ሲነዳም በስፖኪዮው ተሳፋሪውን እያየ ነበር የሚያወራው። ግድቡ ዳር ሲቀመጥ ጀርባውን ለውኃው፣ ፊቱን ለወንድሙ ሰጥቶ ነው። እንዲህ ሆኖ ዓሣ የሚጠመድ አይደለም፤ ዕድሜ ለታናሹ ግን ክሩ ላይ የታሰረው ቡሽ ጥልቅ ሲል እሱ አይቶ «ጋሼ፣ ያዘ! ሳበው!» ይልለታል። ይስባል፤ አንዳንዴ ዓሣ፣ አንዳንዴ አሮጌ ጫማ ይወጣል። ያን ጊዜ ሁለቱም ደስተኞች ነበሩ ቢባል ውሸት የለበትም።

ከዚያ ካሜራ መጣች።

መጽሔቱ ለሚጽፉለት ሰዎች ያወጣው መመሪያ ነበር። ቁልፍ ቀራጩ ገጹን ቆርጦ ከማሽኑ በላይ ለጠፈው፤ ቁልፍ በቀረጸ ቁጥር ስለሚያነበው በቃሉ ወጣው። ያለ ፎቶ የሚመጣ ጽሑፍ አይታይም ይላል። ዓሣው ላይ ደም ካለ ይጠረግ፤ እንዳይደርቅ ውኃ ይርከፍከፍበት፤ ፀሐይዋ ከአንሺው ጀርባ ትሁን፤ ፌስታልና ጠርሙስ እንዳይታይ። በወፍራም ቀለም የተጻፈው ደግሞ ይህ ነው፦ ተነሺው ካሜራውን አይመልከት፤ ዓይኑ የያዘው ዓሣ ላይ ይሁን።

ሠርግ ማንሳት የሰለቸው አንድ ፎቶ አንሺ ያገለገለች ካሜራውን ሸጠለት። ተነሺው ማን እንደሚሆን ጥያቄ አልነበረበትም። ፍሬን ፎቶ ትነሳለህ ሲባል እንደ ልጅ ደስ አለው። በሚቀጥለው እሑድ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ የሹፌርነት ጃኬቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ብቅ አለ።

«ዛሬ ደግሞ ጋዜጠኛው እንዴት ሊያደርገን ነው?» አለ።

«ምንም አታደርግም ጋሼ። ዓሣውን ትይዛለህ፣ ዓሣውን ታያለህ። በቃ።»

ለሌላ ሰው ቀላል ነው፤ ለፍሬን ግን ጭንቅ ነበር። ዓሣውን ያነሳል፣ አንገቱን ይደፋል፤ ታናሹ የካሜራዋን መጫኛ ሊጫን ሲል ቀና ይላል። አንዴ ይስቃል። አንዴ ምላሱን ያወጣል። አንዴ ደግሞ ዝም ብሎ ያየዋል፤ ያቺን ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቃትን፣ በልተሃል ወይ ደህና ነህ ወይ የምትለውን አስተያየት።

«ጋሼ፣ አበላሸህብኝ እኮ! ዓይንህን ወደ ዓሣው!»

«ሰው እያናገረኝ እኔ አምባዛ ላይ ላፍጥ?»

ካሜራዋ የምትይዘው ፎቶ ጥቂት ስለሆነ ቁልፍ ቀራጩ እዚያው ቁጭ ብሎ የተበላሸውን ያጠፋ ነበር። የተበላሸ የሚለው ወንድሙ ቀና ያለበትን ነው። የሳቀበትን፣ ምላሱን ያወጣበትን፣ ያንን አስተያየት ያየበትን አንድ በአንድ እያጠፋ፣ አንገት የተደፋበትን ብቻ ያስቀር ነበር።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሲልክ የወንድሙ ልጅ በኮምፒውተር ጻፈችለት፤ ፎቶዎቹንም አብራ ሰደደችለት። ብዙም ሳይቆይ የመጽሔቱ አዘጋጅ ራሱ ደወለ። ቁልፍ ቀራጩ ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ ማሽኑን በሌላው አጠፋ።

«ጽሑፍዎ ወዝ አለው» አለ አዘጋጁ። «ፎቶዎቹ ግን… እንዴት ልበልዎት፤ ሰውየው ፎቶ እየተነሳ መሆኑን ያውቃል። አንገቱን ቢደፋም በዓይኑ ጫፍ እርስዎን ነው የሚያየው። አንባቢው ግድቡ ዳር ከእሱና ከዓሣው በቀር ሰው የሌለ ሊመስለው ይገባል። ይሞክሩና ይላኩልኝ። ቦታ እይዝልዎታለሁ።»

ቦታ እይዝልዎታለሁ! ይህችን ቃል ለልብስ ሰፊው፣ ለዳቦ ሻጯ፣ ቁልፍ ሊያስቀርጽ ለመጣ ሁሉ ነገረ። ከዚያ ወዲያ እሑድ ዓሣ የሚጠመድበት ቀን መሆኑ ቀረ። የራሱን የማጥመጃ ዘንግ ቤቱ ትቶ መሄድ ጀመረ። ጨዋታ ቆመ፤ ወሬ ካለ ፍሬን ቀና ይላላ! ታላቅየው አንድ ወሬ ሲጀምር ታናሹ ከካሜራዋ ኋላ ሆኖ «እሺ… እሺ… ትንሽ ወደ ግራ» ይላል። ያለ ሰሚ የሚያወራ ሰው የለም፤ ፍሬንም ቀስ በቀስ ዝም አለ። ፎቶዎቹ አማሩ።

እዚህ ላይ ለቁልፍ ቀራጩ ጥብቅና የሚቆምለት ቢኖር ደስ ይለኛል። እኔ ግን አልችልም፤ የጃኬቱን ነገር አውቃለሁና።

በዚያ ወቅት የሹፌርነት ጃኬቱ ፍሬን ላይ እየሰፋ መጣ። ትከሻው ወደታች ወረደ፤ ሆዱ አካባቢ ጨርቁ ተንዠረገገ። ቁልፍ ቀራጩ ይህን በደንብ አይቷል፤ በሌንሱ ውስጥ አይቶ «ልብሱ ፎቶውን ያበላሻል» አለ። በሚቀጥለው እሑድ ከቤቱ የልብስ መቆንጠጫዎች ይዞ ሄደ። የወንድሙን ጃኬት ከጀርባው ሰብስቦ፣ ጥብቅ አድርጎ ቆነጠጠው። ከፊት ሲያዩት ልክ እንደ ድሮው ሙሉ ሰው ሆነ።

«ጎሽ! አሁን አማረብህ» አለው።

«ከጀርባዬስ?» አለ ፍሬን።

«ጀርባህን ማን ያየዋል ጋሼ።»

ሁለቱም ሳቁ። ልብሱ ለምን ሰፋህ ብሎ አልጠየቀም። የሰው ልጅ ዓይኑ እያየ የሚታወርበት ጊዜ አለ፤ እሱን የገጠመው ይህ ነው።

ያን ዕለት ታላቁ አምባዛ ተያዘ። ፍሬን እያለከለከ ስቦ አወጣው፤ ከበፊቱ በላይ አለከለከ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ውኃው ወርቃማ ቀለም ይዞ ነበር። ቁልፍ ቀራጩ እንዲህ ያለ ብርሃን ከመጽሔቱ በቀር አይቶ አያውቅም። በደረቱ ተኝቶ ካሜራዋን ደገነ።

«ረቡዕ ምን አለብህ?» አለ ፍሬን ዓሣውን እንደታቀፈ።

«ረቡዕን ተዋት አሁን። ዓይንህን ወደ ዓሣው!»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው።»

«ቆይ ጋሼ፣ ብርሃኑ ሊሄድ ነው! ቆይ በናትህ!»

ፍሬን ቆየ። አንገቱን ደፍቶ ዓሣውን አየ። በዓይኑ ጫፍ እንኳ ወደ ወንድሙ አልዞረም። ቁልፍ ቀራጩ መጫኛውን ደጋግሞ ተጫነ፤ ከዚያ ተነስቶ ልብሱን ሳያራግፍ የካሜራዋን ትንሽ መስኮት ማየት ጀመረ።

«ምን ልትለኝ ነበር?» አለ ቀና ሳይል።

ፍሬን ጥቂት አየው። «ኧረ ምንም። ወጣ?»

«ምኑ?»

«ፎቶው።»

«ወጣ ጋሼ! ወጣ!»

በእርግጥም ወጣ። ጽሑፉ ተላከ፤ አዘጋጁ ደውሎ «አሁን ገና!» አለው። እትሙ ወጥቶ እጁ ሲገባ ቁልፍ ቀራጩ ስሙን በጣቱ ዳሰሰው፤ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ የሚፈትሽ ይመስል ነበር። ልብስ ሰፊው ያን ዕለት አላሾፈበትም፤ መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበና «ጎበዝ ነህ፣ ሙት!» አለው። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሱቁን በቀን ቆልፎ፣ መጽሔቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ወንድሙ ቤት ከነፈ።

በሩን የከፈተችለት የወንድሙ ልጅ ናት። ዓይኗ ቀልቷል። «አባዬ ሐኪም ቤት ተኝቷል፤ ሌሊት ባሰበት። ልንደውልልህ ነበር አጎቴ» አለችው።

ክው አለ። ባሰበት ማለት ምን ማለት ነው? የሚብስ ነገር ከመቼ ወዲህ ነው የያዘው?

ሐኪም ቤት ሲደርስ ፍሬንን መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ በትራስ ተደግፎ አገኘው። ያለ ጃኬት፣ ያለ መቆንጠጫ ያየው ያን ጊዜ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እንባው ሲመጣ ፍሬን እጁን ዘርግቶ መጽሔቱን ከብብቱ ሥር መዘዘው።

ገጹን ከፍቶ ብዙ ጊዜ አየው። ባርኔጣ አለ፣ የተደፋ አንገት አለ፣ ውኃ የሚያንጠባጥብ ግዙፍ አምባዛ አለ።

«ባርኔጣዬ እንዴት ያምራል» አለ። ከዚያ በጣቱ ወደ ላይ ሄዶ የወንድሙ ስም ላይ ቆመና ወደ ጎረቤቱ አልጋ ዘንበል አለ። «እይልኝማ፤ የጻፈው ወንድሜ ነው። ይኸው ስሙ። ይሄ ነው ወንድሜ።» መጽሔቱ ክፍሉ ውስጥ ለተኙት ሁሉ እየዞረ እንዲታይለት አደረገ። የራሱን ፎቶ ለማንም አላሳየም፤ የሚያሳየው የወንድሙን ስም ነበር።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አለው ቁልፍ ቀራጩ መጽሔቱ ዞሮ ሲመለስ።

«ምኑን?»

«መታመምህን ነዋ!»

«ልነግርህ ነበር እኮ» አለ ፍሬን፤ በቁጣ ሳይሆን እንዲሁ እንደ ወሬ። «ተወው፣ አሁን አወቅህ አይደል። ይልቅ ቀጣዩ ስለ ምንድነው የምትጽፈው?»

ቀጣይ አልነበረም። ፍሬን ከዚያ አልጋ አልተነሳም።

የለቅሶው ሰሞን፣ ወንበር ከየጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳሎኑ ሰው ጢም ባለበት፣ የወንድሙ ልጅ ኮምፒውተሯን ይዛ ቁልፍ ቀራጩን ጓዳ ጠራችው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ያስፈልጋል። ፎቶ ያለው እሱ ጋ ነው፤ እሑድ እሑድ ከካሜራዋ ጋር ያየው ሰው ሁሉ ይህንን ያውቃል። የካሜራዋን ፎቶዎች ከፈተች። ባርኔጣ። ባርኔጣ። ባርኔጣና አምባዛ። ባርኔጣና ቆሮሶ ዓሣ። ሰዓት እስኪረዝምባቸው ገለበጠች።

«አጎቴ፣ ቀና ያለበት አንድ እንኳ የለም?»

«ነበረ» አለ።

«የት አለ?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ፊቱን አየች፤ ቀልድ አልነበረም። በመጨረሻ የተሰቀለው ከአሮጌ መንጃ ፈቃዱ ላይ ጎልቶ የታተመው ፎቶ ነው። ፍሬን ገና ጎረምሳ ሳለ፣ የሚያውቀው ሰው በሌለበት ክፍል ነጭ ግድግዳ ተደግፎ የተነሳው ነው። በቅርብ ዓመታት የተዋወቁት ለቀስተኞች «ልጁ ነው እንዴ?» ይሉ ነበር።

ሰው ጋብ ባለበት አንድ ከሰዓት የወንድሙ ሚስት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ቁልፍ ቀራጩ «እትዬ» ነው የሚላት፤ በልጅነቱ ልብሱን ያጠበችለት ናት።

«አንድ ነገር ልልህ ፈልጌ ሰው እስኪቀንስ ጠበቅሁ» አለች። «አመሰግንሃለሁ።»

«በምን እትዬ?»

«የምርመራውን ውጤት የሰማ ቀን ነዋ። ሐኪሙ ረቡዕ ና ብሎት ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። አብሬህ ልሂድ ብለው እምቢ አለኝ፤ አንቺ ፊት ከሰማሁት እሰበራለሁ፣ ታናሼን ይዤ እሄዳለሁ፣ እሑድ እጠይቀዋለሁ አለ። ሲመለስ ገና በር ላይ ‹አብረን ሰማነው፤ እሱ ስለነበረ ብዙም አልደነገጥኩም› አለኝ። እኔ እሱን ባሰብኩ ቁጥር የምጽናናው በዚህ ነው። ብቻውን አልሰማውም።»

ረቡዕ። ቁልፍ ቀራጩ ያቺን ረቡዕ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ለጽሑፉ ርዕስ ሲመርጥ እንደዋለ አስታወሰ። ወንድሙ ብቻውን ሄዶ፣ ብቻውን ሰምቶ፣ ብቻውን በአውቶቡስ ተመልሶ፣ በር ላይ ሲደርስ ደግሞ እሱን ከወቀሳ ሸፍኖታል። ልናገር ብሎ አፉን ከፈተ። አልነበርኩም እትዬ፤ ሊጠይቀኝ ሲል ቆይ ብርሃኑ ሊሄድ ነው አልኩት። ይህን ብቻ ማለት ነበረበት። አላለውም፤ ካላት ነገር የቀራትን ይህችን አንዲት መጽናኛ በምን እጁ ይውሰድባት?

እሷም ገና አልጨረሰችም። መሐረቧን እያጠፈች እየዘረጋች «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለች። «እኔ ፈርቼ እሱን አልጠየቅሁትም። ሐኪሙ ሲነግረው ፊቱ እንዴት ነበር?»

ወንድሙ ሲቀልድ፣ ሲስቅ፣ ዝም ብሎ ሲያየው የነበረውን ፊት ሁሉ በአውራ ጣቱ ያጠፋው እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ከናካቴው ያላየውን ፊት ንገረኝ ተባለ።

«ሐኪሙን አላየውም» አለ በመጨረሻ። «ቀና ብሎ እኔን ነበር የሚያየው። ታውቂው የለ፣ በልተሃል ወይ የሚል በሚመስለው በዚያ አስተያየቱ። እስኪጨርስ ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። ከዚያ ሳቅ አለና ‹እንሂድ በቃ፣ ሱቅህ ተዘግቷል› አለኝ።»

እትዬ በመሐረቧ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ደህና ለቅሶ ነው፤ ቀለል የሚያደርግ። ቆይታ እጁን ጭብጥ አድርጋ ያዘችና «እንደሱ ነው፤ ሰው ማየት ነበር የሚወደው። እንኳን አንተ አጠገቡ ሆንክ» አለችው።

«አዎ እትዬ» አላት፤ እጁን ከእጇ ማውጣት አልቻለም።